ሞዓ ወንበር ከአሸዋና ከፉርሽካ ጋር ያደረገው ዘመቻ

በዘመነ ስኳር፣ ማለትም ይህ ጣፋጭ ጠላት በእህል መዛኙ ደም ላይ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ማፍሰሱን በተወበት ወር፣ በዕለተ ማክሰኞ ማለዳ፣ በስፍራው የነበሩት እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ፣ የከረጢት ሁሉ ዳኛ፣ የጆንያ ሁሉ ፈራጅ፣ በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የማንንም ደሃ እፍኝ ያላጎደሉ፣ የሚዛኑ መርፌ መሐል ላይ ሲቆም «ልክ ነው!» እያሉ ስለሚያውጁ ስማቸው በዚያው የቀረ ጋሽ ልክነው፤ ቀጥሎ ባለቤታቸው፣ የመጋዘኑና የጓዳው ቁልፍ ሁሉ በወገባቸው ላይ የሚንሿሿ እትዬ፤ ቀጥሎ ርእሰ ተሸካምያን፣ በበር ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ የሚለው፣ ጣራው የተባለ፤ ከእርሱም በታች ሁለት ተሸካሚዎች፣ አንዱ ሳቂታ፣ አንዱ ዝምተኛ፤ ከአጥሩም ወዲያ የምላስ ጦረኛ የሆነው ጎረቤት ፀጉር አስተካካይ፣ ምላጩን እንደያዘ።

በዚያች ዕለት ጋሽ ልክነው በመታጠቢያ ቤት ወደቁ።

የወደቁት በጦር አይደለም፣ በሳሙና ነው። ከእጃቸው ያመለጠችውን ሳሙና ሊያነሡ ጎንበስ አሉ፤ ጎንበስ ማለቱ ተሳካ፣ ቀና ማለቱ ግን እምቢ አለ። ጉልበታቸው ካዳቸው፣ ወገባቸው ከጉልበታቸው ጋር አበረ፣ ሆዳቸውም ከሁሉ ቀድሞ መሬት ደረሰ። እትዬ ከጓዳ ሆነው ድምፁን ሰሙ። ተሸካሚዎቹም ተጠርተው ገቡ፣ በፎጣም ሸፈኗቸው፣ ጣራው በብብታቸው፣ ሳቂታው በወገባቸው፣ ዝምተኛው በጉልበታቸው ገብተው፣ ጆንያ በሚያነሡበት ቃል አንድ ሁለት ብለው አነሷቸው።

ይህስ ባልከፋ። ነገር ግን በዚያ መጋዘን የቆየ ሥርዓት ነበር፤ ተሸካሚው ያነሣውን ጆንያ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጥ ክብደቱን ይገምታል፣ መዛኙም መርፌውን አይቶ ይፈርዳል። ልማድም ክፉ ጌታ ነውና፣ ጣራው አፉ አምልጦት፦

«ከኩንታል ከሩብ አያንስም፣ ጋሼ» አለ።

ከአጥሩ ወዲያም ፀጉር አስተካካዩ «ልክ ነው!» ብሎ አወጀ። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የነበረው ደንበኛም፣ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ፣ ሳቀ ይባላል።

በዚያች ሰዓት መዛኙ ፎጣቸውን ጨብጠው በልባቸው ማሉ። ዐፈር እስኪጫናቸው ድረስ ማንም ሰው እንደ ጆንያ እንዳያነሣቸው፣ ከወደቁም ራሳቸው እንዲነሡ፣ አለዚያ ከቤት እንዳይወጡ ማሉ። ይህን መሐላ ለማንም አልነገሩም፤ ለእትዬ ግን መንገር አላስፈለገም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት የባሏን ዝምታ እንደ ጋዜጣ ታነባለች።

ወእምዝ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በዚያም የደም ስኳርን የምትለካ፣ በመርፌ የማታሳምም፣ በቃል ግን የምታሳምም ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። እርሷም ጣታቸውን ወግታ፣ ቁጥሩን አይታ፣ ክንዳቸውን ጨብጣ መዘነች፤ መዛኙን የሚመዝን ተገኘ። ከዚያም ስትናገር እንዲህ አለች፦

«ጋሼ፣ መድኃኒቱን ይዋጡ፣ የእግር መንገዱንም አይተዉ። ከዚያ ሌላ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከባድ ነገር ያነሣሉ። ጡንቻ ስኳር ይበላል። እርስዎ ሥራ ስላልሰጡት ነው ሳይበላ ተኝቶ የቀረው።»

መዛኙም ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ጆንያ ሲያሸክሙ ኖረው ራሳቸው ተሸካሚ ይሆኑ ዘንድ ተፈርዶባቸዋልና። ሲስተር ግን አልራራችም። ክንድ የሌለው ወንበር አምጥታ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ መነሣትንና መቀመጥን አሳየች። ትንሽ ጆንያ ከወንበር ላይ ወደ ደረት ማንሣትን፣ ሲቀል ክብደት መጨመርን፣ ትንፋሽን አለመያዝን፣ ስኳርን ሳይለኩና በባዶ ሆድ አለመጀመርን አስተማረች። በመጨረሻም ራሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ የወደቀ ሰው በጎኑ ዞሮ፣ በጉልበቱ ቆሞ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ተደግፎ እንዴት እንደሚነሣ አሳየች። ይህን ሲያዩ ጋሽ ልክነው ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሲወጡም እርሷ ከበሩ ላይ ሁሉም ሰው እንደሚጀምር፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁሉም እንደሚጠፋ ነግራ ሸኘቻቸው።

እነሆ ዘመቻው ተጀመረ። ክንድ የሌለው የጥድ ወንበር ከቤት መጣ፣ ትንሽ ጆንያም ተመረጠ፤ ግቢውን ሲያስጠግኑ ከተረፈው አሸዋም ተሞላ፣ እህል የደንበኛ ነውና። ቀኑም ማክሰኞና ዓርብ ሆነ፤ ስፍራውም ከምስር ጆንያዎች ጀርባ፣ ከሰው ዓይን የራቀ። እትዬም ነገሩን አይተው ዝም አላሉም። ለራሳቸው ከባቄላ ከረጢት የተቆረጠች ትንሽ ጆንያ ሰፍተው፣ ጥቂት አሸዋ ከትተው ከባላቸው አጠገብ ቆሙ። ሰው ብቻህን ሲስቅብህ ከማይ በሁለታችን ይሳቅ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን የገጠማቸው ጠላት ግን ስኳር አልነበረም፣ ውፍረትም አልነበረም። አክብሮት ነበር።

ተሸካሚዎቹ ታላቅ ሰው ሸክም ይዞ አይተው ዝም እንዳይሉ ሆነው ያደጉ ናቸው። መዛኙ ጆንያውን ከወንበሩ ላይ ብድግ ሲያደርጉ ጣራው ከመጋዘኑ ዳር ሮጦ ደርሶ «ኧረ በእኔ ሞት!» ብሎ ይቀማቸዋል። ከወንበር ሲነሡ ሳቂታው ቀኝ ብብታቸውን፣ ዝምተኛው ግራውን ይይዛል። የመጣ ደንበኛም ሁሉ፣ ሽሮ ሊገዛ የመጣውም ሆነ ዋጋ ሊጠይቅ ብቻ የገባው፣ ያለውን ጥሎ ይረዳል። ስለዚህ በዚያን ሳምንት በመጋዘኑ ውስጥ ከመዛኙ በቀር ጡንቻው ያልጠነከረ ሰው አልነበረም። እርሳቸውም ተቆጥተው ሚዛኑ አጠገብ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ የያዝሁትን የሚቀበለኝ፣ ስነሣ ብብቴን የሚይዘኝ፣ ‹በሞቴ› እያለ የሚለማመጠኝ፣ ያን ቀን ሥራ የለውም።»

ተሸካሚዎቹም አዋጁን አከበሩ። እጃቸውን ግን ማሰር ስላቃታቸው፣ መዛኙ ከወንበር በተነሡ ቁጥር ሦስቱም ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከመደርደሪያ የሚወድቅ እንስራ እንደሚጠብቅ ሰው ዙሪያቸውን ይቆሙ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ያ ወንበር፣ ክንድ የሌለው፣ ርኅራኄ የሌለው፣ ከጥድ የተሠራው ወንበር፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መዛኙ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ያጣጥፋሉ፤ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ ያቃስታሉ፤ ይመለሳሉ። እንደገና ያዘነብላሉ። አንድ ዓርብ ላይ፣ ከብዙ ማቃሰት በኋላ፣ የመቀመጫቸውና የወንበሩ ሰላም ፈረሰ፤ ተነሡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሸካሚዎቹ ክንዳቸውን አጠፉ፤ በመጋዘኑም ውስጥ ሞዓ ወንበር ዘእምነገደ ምስር ተብለው ተጠሩ፤ ይህን ስም ያወጣው ግን ፀጉር አስተካካዩ ስለሆነ በበጎ ልብ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ሦስተኛውም ሳምንት መጣ፣ ሲስተር እንዳለችው። ጉልበት ታመመ፣ ልብ ደከመ፣ ምክንያትም እንደ አሸን ፈላ። አንድ ማክሰኞ የጭነት መኪና ይመጣል ተባለ፤ መኪናው ግን አልመጣም። ዓርብ ሆዴን ቆረጠኝ አሉ፤ ሆድ ግን ከቁርሱ ምንም አላስቀረም። እትዬ ይህን አይተው የመንግሥቱን ቁልፍ ሁሉ በወገባቸው ላይ ቆጥረው፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው አወጁ፦

«ቁልፉ ከልምምዱ በኋላ ነው።»

በውጭ ደንበኞች በሩን ይደበድባሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ ባልና ሚስቱ ተጣልተው ይሆናል እያለ ያወራል፤ በውስጥ መዛኙ ከእትዬ ጎን እየተነሡና እየተቀመጡ፣ እያነሡና እያወረዱ ያልባቸዋል። ሲጨርሱ ስኳር የሌለው ሻይ ይጠጣሉ፣ በሩም ይከፈታል። ከዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ በሚጠፋበት በሦስተኛው ሳምንት እርሳቸው አልጠፉም፤ መውጫ ስላልነበራቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በገዛ እጃቸው ተጎተቱ።

ነገር ግን ጠላት ከውጭ ሲሸነፍ ፍቅር ከውስጥ ይነሣል።

አንድ ማለዳ መዛኙ ጆንያውን ወደ ደረታቸው ሲያነሡ እትዬ የግንባራቸውን ሥር ተገትሮ አዩ። የሳሙናዋ ቀን ድምፅ በጆሯቸው መጣ። በማግሥቱ ጣራውን ወደ ጓዳ ጠርተው በሹክሹክታ አዘዙት፤ እርሱም ከጆንያው አንድ ጣሳ አሸዋ አውጥቶ፣ ጆንያው እንዳይጎድል አንድ ጣሳ ፉርሽካ ጨመረበት። መዛኙ ቀለለኝ አሉ፤ እንደ ሲስተርም ትእዛዝ «ጨምሩበት!» ብለው አወጁ። ጣራውም ሌላ ጣሳ አሸዋ አውጥቶ ጨመረ፣ ሁለት ጣሳ ፉርሽካ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። እርሳቸው ክብደት ባስጨመሩ ቁጥር ጆንያው እየቀለለ፣ እየወፈረም ሄደ፤ እርሳቸውም በሁለት ጣት እያንጠለጠሉ በምስሩና በሽምብራው መካከል ይመላለሱ ጀመር። የሰውን ኩንታል በዓይናቸው የሚያውቁት ሰው የራሳቸውን ጆንያ አላወቁም። የራስ ሙገሳ የሚዛን መርፌ የለውምና።

የወጣው አሸዋ ግን አልተደፋም። በዚያ መጋዘን ጋሽ ልክነው ራሳቸው የደነገጉት ሕግ ነበር፤ ከአንዱ ጆንያ የወጣ ወደ ሌላው ይገባል እንጂ መሬት አይነካም። ጣራውም ሕግ አክባሪ ነበርና አሸዋውን ጣሳ በጣሳ በአጠገቡ በነበረው ጆንያ ውስጥ ጨመረው። በአጠገቡ የነበረው ጆንያ የእትዬ ነበር። እትዬም ቀን በቀን ከበደኝ፣ እያረጀሁ ነው እያሉ፣ በልባቸው ጥፋተኝነት ስለነበረ ሳያጉረመርሙ አነሡት።

ከጥጋብም ፉከራ ይወለዳል። መዛኙ ለፀጉር አስተካካዩ መልእክት ላኩ፤ በዕለተ ዓርብ ጆንያቸው በሕዝብ ፊት ሚዛን ላይ ይወጣል። ጣራው ሚዛኑ ተበላሽቷል ቢባልስ ብሎ እትዬን ለመነ፤ እትዬ ግን እርሱ ሚዛኑን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ ያገባው ከእኔ በፊት ነው አሉ።

በዓርብ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹን አስከትሎ መጣ፣ አንዱ ግማሽ ራሱን እንደተላጨ። መዛኙ ጆንያውን በአንድ እጃቸው አንሥተው ሚዛኑ ላይ ጣሉት። መርፌው ትንሽ ብድግ አለና፣ እንቅልፉን እንዳልጨረሰ ሰው፣ ተመልሶ ተኛ። ጋሽ ልክነው ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ብለው አዩት። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልክ ነው» የሚለው ቃል አልወጣም። በዚያው ቅጽበት የጆንያው ስፌት ተተርትሮ ፉርሽካው እየተንሸራተተ ወለሉን ሞላው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጆንያ ነው ትራስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቂታው ተሸካሚ ብቻ አልሳቀም።

መዛኙ አልጮኹም። ሰው ሲበተን እትዬን አይተው እንዲህ ብቻ አሉ፦ «ሠላሳ ዓመት በባዕድ ላይ ያላደረግሁትን በቤቴ አደረጋችሁብኝ።» ከዚያም በመጋዘኑ ጥግ ካለችው ዱካ፣ ከትንሿ በርጩማ፣ ላይ ሄደው ተቀመጡ።

እትዬም ተከትለው ቆሙና ይህን ተናገሩ፦ «የሳሙናውን ቀን ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ። አንተ አልሰማኸውም፤ አንተ ወዳቂው ነህ።»

 ማክሰኞ መጣ፣ ልምምድ የለም፤ ዓርብ መጣ፣ የለም። በሩ በጊዜ ይከፈታል፣ ሻዩ በጊዜ ይፈላል፣ የጥዱ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። መዛኙ በዱካዋ ላይ ሆነው ያ ሁሉ ማላብ በፉርሽካ እንደነበረ፣ ጉልበታቸውም ፉርሽካ እንደሆነ፣ ሲስተርም ከሚጠፉት ጋር ስማቸውን እንደጨመረች ያስባሉ። እትዬ ብቻ፣ እግር የለመደውን ስለማይተው፣ ጆንያቸውን ይዘው በምስሩ ጀርባ ብቻቸውን ያነሡና ያወርዱ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን እንዲህ ሆነ። ያ የፉርሽካ ጆንያ ተሰፍቶ ከዱካዋ ፊት ቆሞ ነበር፤ መዛኙም ባዩት ቁጥር ደማቸው ይፈላልና ከዓይናቸው ሊያርቁት በእግራቸው በኃይል ገፉት። ከባድ ነገር የሚገፋ ሰው ሆነው ነው የገፉት። ፉርሽካው ግን ከገመቱት በላይ ሸሸ፤ እርሳቸውም ተከተሉት። ዱካዋ ወደ ኋላ፣ መዛኙ ወደ ፊት፣ ወለሉም በመካከል ተገናኙ።

ተሸካሚዎቹ ድምፁን ሰምተው ሮጡ። ጣራው ብብታቸውን፣ ሳቂታው ወገባቸውን፣ ዝምተኛው ጉልበታቸውን ሊይዝ፣ እንደ ሥርዓታቸው፣ ጎንበስ አሉ። የጣራውም አፍ ሊከፈት ነበር። መዛኙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እትዬ ጆንያቸውን በደረታቸው እንደታቀፉ ደረሱ። በባላቸውና በተሸካሚዎቹ መካከልም ገቡ። አወጁም፦

«እጃችሁን ሰብስቡ። ማንም እንዳይነካው።»

ሦስቱም እንደ ሐውልት ቀሩ። እትዬ ወደ ባላቸው ጎንበስ ብለው ተጎድተው እንደሆነ፣ ራሳቸውን አዙሯቸው እንደሆነ ጠየቁ። መዛኙ አልተጎዳሁም፣ አላዞረኝም አሉ።

«እንግዲያው ተነሣ። እኔ አላነሣህም።»

ይህንም ብለው መደገፊያ ይሆናቸው ዘንድ የያዙትን ጆንያ ከጎናቸው ጣሉላቸው። ጆንያውም ወለሉን ሲመታ የምስሩ ክምር ተናጋ። የመዛኝ ጆሮ አይዋሽም፤ ጋሽ ልክነው ዓይናቸውን ገለጡ፣ ጆንያውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ሚስታቸውንም አዩ።

«የእኔ አሸዋ ነው?»

«በሙሉ፣ ጋሼ» አለ ጣራው፣ ወለሉን እያየ። «መሬት አልነካም።»

መዛኙ ወለሉ ላይ እንዳሉ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እትዬም የገዛ ክንዳቸውን፣ የማን እንደሆነ እንዳላወቀ ሰው፣ ዳሰሱ። ሳቁም ሲያልቅ ለመዛኙ አንድ ነገር ታወሳቸው። ጆንያውን በፉርሽካ ለውጠዋል፤ ወንበሩን ግን ማን ለወጠው? ከዚያ ወንበር የተነሣው ኩንታል ከሩብ የእርሳቸው ነበር፣ አንድ ጣሳ እንኳ ያልተቀነሰለት።

ያን ጊዜ ታላቁ መነሣት ተጀመረ። በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ጎናቸው ዞሩ፤ ይህም ከተማን እንደ መክበብ ነበር። ሁለተኛ በክርናቸው ተገፍተው በጉልበታቸው ቆሙ፤ ይህም የፊተኛውን በር እንደ መስበር ነበር። ሦስተኛ ሁለት መዳፋቸውን በአሸዋው ጆንያ ላይ ጫኑ፤ አሸዋውም አልሸሸም፣ እንደ ታማኝ ባላባት ባለበት ጸና። አራተኛ ግራ እግራቸውን ወደ ፊት አምጥተው ተከሉ፤ ጭኑ ተንቀጠቀጠ፣ የጥዱ ወንበር ያስተማረውን አስታወሰ፣ ጸና። ትንፋሻቸውንም አልያዙም፤ እንዲያውም በጣም ጮክ ብለው ነው የተነፈሱት፣ ከአጥሩ ወዲያ መቀሱ ቀጥ አለ። የጣራው እጆች ሁለት ጊዜ ተዘረጉ፣ ሁለት ጊዜም በእትዬ ዓይን ተሰበሰቡ። መዛኙም ተነሡ፤ እንደ ሚዛን መርፌ ወደ ግራ ጥቂት፣ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘንበል ብለው፣ መሐል ላይ ቆሙ።

«ልክ ነው» አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

ክብር ይገባቸዋል፤ ሞዓ ወንበር፣ ሥዩመ ሚዛን፣ በጎናቸው ዞረው ወለልን ላሸነፉ፣ በፉርሽካ ተከድተው በአሸዋ ለተነሡ፣ ማንም ሳይነካቸው የገዛ ኩንታላቸውን ለተሸከሙ! ክብር ይገባቸዋል ለእትዬም፤ ማንሣት እየቻሉ ላላነሡ! የቀደሙት ጀግኖች ተራራ ወጥተዋል፣ ወንዝ ተሻግረዋል፤ ከእነርሱ ግን አንድ ስንኳ፣ በስኳር ዘመን፣ ከሽምብራና ከምስር መካከል፣ በጎረቤት ጆሮ ሥር፣ በሁለት እግሩ የቆመ የለም።

በዓርብ በሩ ዘግይቶ ተከፈተ። ጋሽ ልክነው ፉርሽካው ወጥቶ ጥቂት አሸዋ የገባበትን ቀላሉን ጆንያ አነሡ፤ ከባዱን እትዬ አነሡ።